ከጅማ ቀይ አፈር የወጣ አፅም ስለ ጤናና ኑሮ ምን ይነግረናል?

ጥያቄው፦ «ጅማ ከተማ ዳር ለቤት መሠረት ሲቆፈር አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ የሰው አፅም ብቅ አለ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቦታው የጥንት መቃብር እንደነበረ ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። የራስ ቅሉ ተሰባብሯል፤ ጥርሶቹ ግን ያሉ ይመስላሉ፤ የጭን አጥንቱም ይታያል። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። ከእንዲህ ያለ አፅም ሰዎቹ ምን ይበሉ፣ በምን ይታመሙ፣ እንዴት ይኖሩ እንደነበረ በእርግጥ ማወቅ ይቻላል? ቡና ይጠጡ እንደነበረስ? እስከዚያው ድረስ ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

መምህር፣ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ቁፋሮው ዛሬውኑ ካልቆመ ለሌሎቹ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ነገር አይተርፍምና።

በመጀመሪያ ለፖሊስ ያሳውቁ። ሽማግሌዎቹ የነገሩዎት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንድ አጥንት የ30 ዓመት ይሁን የ300 ዓመት በዓይን አይለይም፣ በተለይ ቀይ አፈር ሁሉንም በአንድ ቀለም ስለሚነክረው። ከዚያ ለከተማው ወይም ለዞኑ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ በእሱም በኩል ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይነገር። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ባለበት እንዲጠብቀው ያዛል። በብዙ ቦታ የሚደረገው ግን ሌላ ነው፤ አጥንቱ ተለቅሞ በማዳበሪያ ይቋጠርና ጥግ ይቀመጣል። ለሟቹ አክብሮት ታስቦ የሚደረግ ቢሆንም ከመረጃው ግማሽ ያህሉ የሚጠፋው በዚያች ሰዓት ነው።

ምክንያቱም አቀባበሩ ራሱ ማስረጃ ነው። ከጅማ ሲታይ መካ በሰሜን በኩል፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ጋደል ብላ ነው የምትገኘው። ስለዚህ በእስልምና ሥርዓት የተቀበረ ሰው በቀኝ ጎኑ ተኝቶ ፊቱን ወደ ሰሜን ሲያዞር ራሱ በምሥራቅ፣ እግሩ በምዕራብ በኩል ይውላል። በኦርቶዶክስ ሥርዓት የተቀበረው ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ ራሱ በምዕራብ፣ እግሩ በምሥራቅ ነው። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም መቃብሮች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጉ ናቸው፤ የሚለያቸው ራስ በየትኛው ጫፍ መሆኑና አካሉ በጎን ወይስ በጀርባ መተኛቱ ነው። ጉልበቱን አጥፎ የተኮራመተ ከሆነ የሌላ ሥርዓት፣ ምናልባትም የቀደመ ዘመን መቃብር ሊሆን ይችላል። የጅማ ነገሥታት እስልምናን የተቀበሉት በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በቀዳማዊ አባ ጅፋር ጊዜ ነውና የራስ ቅሉ በየት በኩል እንዳለ ማወቅ ብቻውን ስለ ዘመኑ ፍንጭ ይሰጣል። አጥንቱ አንዴ ከተነሣ በኋላ ይህን የሚመልስ ላቦራቶሪ የለም።

ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ዝናቡን ይከላከሉ። ሸራ ወይም ላስቲክ በእንጨት ላይ ከፍ አድርገው ይወጥሩ፤ ላስቲኩ አጥንቱን ከነካ ያልበውና ሻጋታ ያበቅላል። በዙሪያው ጎርፍ የሚመልስ ትንሽ ቦይ ይቆፈር። ፀሐይም ጠላት ነው፤ እርጥብ አጥንት በፍጥነት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የጥርስ ሽፋንም ይፈነጠራል። ማንም አይጠበው፣ አይቦርሸው፣ በኮላ አይለጥፈው፣ ቫርኒሽ አይቀባው። ፎቶ ግን በብዛት ያንሡ፦ ከላይ ቀጥ ብሎ፣ አጠገቡ ማስመሪያና ሰሜንን የሚያሳይ ቀስት ተቀምጦ፣ መጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ ክፍል በክፍል። ጠዋት ወይም ወደ ማታ፣ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ የተነሣ ፎቶ የቀትሩ የሚሰውረውን ሸካራነት ያወጣል። የሚጠጋ ሰው ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያድርግ፤ አንዲት የምራቅ ፍንጣቂ የዛሬን ሰው ዘረመል ከጥንቱ ጋር ትቀላቅላለች።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ልጨምር። በዳሌ አጥንቶች መካከል ያለው አፈር በሕይወት ሳለ ሆድ የነበረበት ቦታ ነው። ባለሙያው ከዚያ አንድ እፍኝ፣ ለማነጻጸሪያም ከራስ ቅሉ አጠገብ ሌላ እፍኝ እንዲወስድ ይጠይቁ። የወስፋትና የጅራፍ ትል እንቁላሎች ቅርፊታቸው ወፍራም ስለሆነ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያሉ፤ በማይክሮስኮፕም ይለያሉ። ከሆድ በተወሰደው አፈር በርካታ ሆነው ከራስ ቅሉ በኩል ከሌሉ ትሉ የሟቹ ነበር። በሁለቱም ውስጥ እኩል ከተገኙ አፈሩ ከኋላ ዘመን ተበክሏል ማለት ነው። የመንጠቆ ትል እንቁላል ግን ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበሰብሳል፤ አልተገኘም ማለት አልነበረም ማለት አይደለም።

አሁን ወደ አጥንቱ እንምጣ፤ መነሻው አፈሩ ነው። የአጥንት ሁለት ሦስተኛ ያህል ማዕድን፣ ቀሪው በአብዛኛው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ነው። ማዕድኑ በአሲድ ይሟሟል። የጅማ አካባቢ ቀይ አፈር ደግሞ አሲዳማ ነው፤ ገበሬዎች ኖራ እንዲጨምሩ የሚመከሩትም ለዚሁ ነው። በየዓመቱ የሚወርደው ብዙ ዝናብም የሟሟውን ጠርጎ ይወስዳል። መጀመሪያ የሚያልቁት ስስ አጥንቶች ናቸው፦ የጎድን አጥንት፣ የአከርካሪ አካል፣ የእጅና የእግር ጣቶች፣ ከሁሉ በላይ የሕፃናት አጥንት። በዚህ አካባቢ የተቆፈረ መቃብር «የልጆች አፅም የለበትም» ሲባል ልጆች አይሞቱም ነበር ብሎ መደምደም ትልቅ ስህተት ነው፤ አፈሩ በልቷቸው ይሆናል። የሚጸናው የጥርስ ሽፋን (ኢናሜል) ነው። ኢናሜል ከክብደቱ 96 በመቶው ማዕድን ነው፤ በሰውነት ውስጥ እንደ እሱ ጠንካራ ነገር የለም። ለዚህ ነው የራስ ቅሉ ተሰባብሮ ጥርሶቹ የቀሩት። በጅማ ጥናት መጀመር ያለበት ከጥርስ ነው ብዬ በእርግጠኝነት የምናገረውም ስለዚህ ነው።

አጥንት በሕይወት ዘመን ሁሉ እየፈረሰ ይታደሳል፤ የአዋቂ ሰው አጥንት የሚናገረው ስለ መጨረሻዎቹ አሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት ነው። ኢናሜል ግን አንዴ ከተሠራ አይታደስም። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ዘውድ (ከድድ በላይ የሚታየው ክፍል) ከልደት አንሥቶ እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ይሠራል፤ የፊት ጥርሶችና ክራንቻዎች እስከ ስድስት ዓመት አካባቢ ይቀጥላሉ፤ የመጨረሻው መንጋጋ ከስምንት ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ ጉርምስና ይዘልቃል። ልጁ በእነዚህ ጊዜያት በጽኑ ከታመመ ወይም ከተራበ ሽፋኑን የሚሠሩት ሕዋሳት ሥራቸውን ያቆማሉ፤ ሲያገግም ይቀጥላሉ። በመካከሉ በጥርሱ ዙሪያ አግድም የሚሄድ ጎድጓዳ መስመር ይቀራል። በጥፍር ሲዳሰስ ይታወቃል፣ በጎን ብርሃን ደግሞ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መስመሩ የወጣበት ዕድሜም ሊገመት ይችላል። ዘውዱና ሥሩ ከሚገናኙበት ጠርዝ እስከ መስመሩ ያለው ርቀት በካሊፐር በሚሊሜትር ይለካል። ለታችኛው ክራንቻ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ስሌት ርቀቱን በ0.588 አባዝቶ ከ6.5 መቀነስ ነው። መስመሩ ከጠርዙ 6 ሚሊሜትር ላይ ከሆነ 0.588 ሲባዛ በ6 ወደ 3.5 ይጠጋል፤ ከ6.5 ሲቀነስ 3 ዓመት ገደማ ይወጣል። ስሌቱ ጥርስ በአንድ ፍጥነት ያድጋል ብሎ ይነሣል፤ በእውነቱ ግን ፍጥነቱ ይለያያል፤ ጫፉ የተበላ ጥርስም ቀደምት መስመሮቹን አጥቷል። ስለዚህ ውጤቱ የአንድ ዓመት ያህል ስፋት ባለው ግምት ይያዝ እንጂ እንደ ልደት ቀን አይቆጠር። በአንድ መቃብር ውስጥ በርካታ ሰዎች ከሁለት እስከ አራት ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ መስመር ካላቸው ጡት መጣልና ተቅማጥ በአንድነት ይጠረጠራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1892 በነበረው ክፉ ቀን ሕፃን ሆኖ ያንን ያለፈ ሰው አርጅቶ ቢሞትም የዚያ ረሃብ መስመር በጥርሱ ላይ ሊገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ ከውጭ የመጣ ባለሙያ ሊስተው የሚችል ነገር አለ። በአገራችን ብዙ አካባቢ ሕፃናትን «ግግ ማስወጣት» የቆየ ልማድ ነው፤ ገና ያልበቀለው የክራንቻ ወተት ጥርስ በሹል ነገር ተቆፍሮ ይወጣል። ከሥሩ እየተሠራ ያለው ቋሚ ጥርስ አብሮ ሊጎዳ፣ ቅርፁን ሊያጣ ወይም ጨርሶ ላይበቅል ይችላል። ጉዳቱ በክራንቻው ላይ ብቻ ሆኖ በዚያው ዕድሜ የሚሠሩት የፊት ጥርሶች ንጹሕ ከሆኑ ምክንያቱ ረሃብ ሳይሆን እጅ ነው። መስመሩ በእውነት የሕመም ከሆነ በአንድ ዘመን በተሠሩ ጥርሶች ሁሉ፣ በግራም በቀኝም፣ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ መገኘት አለበት።

ቡናማ ነጠብጣብም እንዲሁ ይለይ። የአፈር እድፍ ስንጥቅን ተከትሎ ይሄዳል፣ በአንድ ወገንም ይበዛል። የፍሎራይድ ጉዳት ግን በግራና በቀኝ ተመጣጣኝ ነው፤ ነጭ ደመና፣ ሲብስም ቡናማና የተቦረቦረ ሆኖ ይታያል። በወንጂና በስምጥ ሸለቆው ሌሎች አካባቢዎች የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር በብዙ እጥፍ የሚበልጥበት ቦታ አለ። እንዲህ ያለ ጥርስ ከጅማ መቃብር ከወጣ ሰውየው ልጅነቱን ያሳለፈው በሌላ ውሃ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ስለ ንግድ መንገድ፣ ስለ ጋብቻ ወይም ስለ ባርነት ጥያቄ ያስነሣል።

የተቦረቦሩ ጥርሶች ሲቆጠሩ «ከአሥር ሰው ስድስቱ» ተብሎ ብቻ አይጻፍ፤ ከታዩት ጥርሶች ስንቶቹ እንደሆኑም ይጻፍ። ጥርስ የጎደለበት ቦታ ይመርመር። ጉድጓዱ በአጥንት ከተሞላ ጥርሱ የወለቀው ሰውየው በሕይወት ሳለ ነው። ጉድጓዱ ክፍት፣ ጠርዙ ሹል ከሆነ ጥርሱ የወደቀው ከሞት በኋላ ነው፤ እዚያው አፈር ውስጥ ይኖራልና አፈሩ በወንፊት ይነፋ። በመንጋጋ አጥንቱ ላይ፣ በጥርስ ሥር ጫፍ አጠገብ ክብ ቀዳዳ ካለ መግል የወጣበት ነው፤ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ይህ ሊገድል የሚችል ሕመም ነበር። እርጅና ሳይደርስ ጠፍጥፎ የተበላ ጥርስ ብዙውን ጊዜ በድንጋይ ወፍጮ የተፈጨ፣ አሸዋ የቀላቀለ እህል ይጠቁማል።

የራስ ቅሉ ስብርባሪ ሲገጣጠም የዓይን ጉድጓዱ ጣሪያ ይታይ። እዚያ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ፣ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ቦታ ካለ በልጅነት የቆየ የደም ማነስ ይጠረጠራል፤ መቅኔው ደም ለማምረት ሲስፋፋ ስሱን አጥንት ይቦረቡረዋል። ቀድሞ ነገሩ ሁሉ የብረት እጥረት ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሰፊ ትችት ግን ብረት ከሌለ መቅኔው ለመስፋፋት አቅም አያገኝም ብሎ ወደ ቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ቀይ የደም ሕዋስን ወደሚያፈርሱ በሽታዎች አዘነበለ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። በጊቤ ሸለቆ በኩል ወባ፣ በእርጥብ መሬት በባዶ እግር ለሚሄድ ደግሞ የመንጠቆ ትል አለ። ከቀዳዳው ብቻ ተነሥቶ «ወባ ነበረበት» የሚል ሰው ማስረጃው ከሚፈቅድለት በላይ ተናግሯል።

በሽታን በስሙ ለመጥራት የሚያስችሉ ምልክቶች ጥቂት ናቸው። የቲቢ በሽታ የአከርካሪን አካል ከፊት በኩል በልቶ ሲያፈርሰው ጀርባው በሹል ማዕዘን ይጎብጣል። ይሁን እንጂ ሕክምና ካላገኙ የቲቢ ሕሙማን አጥንታቸው የሚነካው ከመቶ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ አንድ የጎበጠ አከርካሪ ከተገኘ በዙሪያው ምልክት ያልተወባቸው ብዙ ሕሙማን ነበሩ። የሥጋ ደዌ የአፍንጫውን ሹል አጥንት ያጠፋል፤ የእግር መዳፍ አጥንቶችንም ወደ ጫፋቸው ያሾላቸዋል። የሕፃናት ሪኬትስ (በቫይታሚን ዲ እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ) እግርን ያጎብጣል፤ እዚህ ግን የአፈር ክብደትም የረጠበ አጥንት ሊያጣምም ስለሚችል የእድገት ጫፎቹ መስፋታቸው ይታይ። በቅልጥም ላይ የተደረበ አዲስ አጥንት በብዛት ይገኛል፤ ምክንያቱ ቁስል፣ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ዋናው ጥያቄ ድርቡ ሸካራና ግራጫ ነው ወይስ ለስልሶ ከነባሩ ጋር ተዋሕዷል የሚለው ነው፤ የመጀመሪያው ሲሞት በሽታው ይሠራ እንደነበር፣ ሁለተኛው ሰውየው ድኖ እንደኖረ ያሳያል። በቀይ አፈር በባዶ እግር በሚሄዱ ሰዎች ላይ የሚወጣውን የእግር እብጠት (ዝሆኔ) ለማግኘት ግን ብዙ ተስፋ አይኑር፤ የሚያብጠው ሥጋና ቆዳ ነው፤ እሱም ቀድሞ በስብሷል።

ይህ ወደ ዋናው ነጥብ ያደርሰኛል። አጥንት ምልክት ለማውጣት ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል። ፈጥኖ የሚገድል በሽታ አጥንት ላይ ሳይጽፍ ይሄዳል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የጨረሳቸው ሰዎች አፅም ንጹሕ ነው፤ የኮሌራም እንዲሁ። እንግዲህ በአንድ መቃብር ሦስት ሰዎች አሉ እንበል። የመጀመሪያው ምንም ምልክት የለበትም፤ ሁለተኛው ሲሞት የሚሠራ በሽታ ይታይበታል፤ ሦስተኛው የዳነ ቁስልና የጥርስ መስመር አለው። ላይ ላዩን ሲታይ ጤናማው የመጀመሪያው ይመስላል። ነገር ግን እሱ በሽታው በመጣ በቀናት ውስጥ የሞተ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ሦስተኛው ታሞ፣ ታግሎ፣ ድኖ ለዓመታት የኖረው ብርቱ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ተቃርኖ እ.ኤ.አ. በ1992 በግልጽ ካስቀመጡት ወዲህ ምልክት ቆጥሮ «ይህ ሕዝብ የበለጠ ይታመም ነበር» ማለት አይቻልም። ምልክቱ ከሞቱበት ዕድሜ ጋር ተያይዞ መነበብ አለበት። ለተማሪዎችዎ አንድ ነገር ብቻ የሚያስተምሩ ቢሆን ይህን እመርጥ ነበር፤ ስለ ጥንት ሰዎች ጤና በየቦታው የሚነገረው አብዛኛው ስህተት ከዚህ ይጀምራልና።

ስለዚህ ዕድሜን ማወቅ ግድ ነው። በልጆች ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው መንጋጋ በስድስት፣ ሁለተኛው በአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ይበቅላሉ። በወጣቶች የአጥንት ጫፎች መጋጠም ይታያል፤ በመጨረሻ የሚጋጠመው ከትከሻ እስከ ደረት የሚዘረጋው አጥንት የደረት በኩል ጫፍ ሲሆን በ20ዎቹ ዕድሜ ይጋጠማል። ከ40 በኋላ ግን ግምቱ ይሰፋል፤ «ከ45 በላይ» ከማለት አልፎ «የ63 ዓመት ሽማግሌ» የሚል ዘገባ ካዩ ይጠራጠሩ። ፆታ ከዳሌ አጥንት ይለያል፦ በሴት ከፊት ያለው ማዕዘን ሰፊ፣ ከኋላ ያለው ቅስት ክፍት ነው። ዳሌው ከፈረሰ የራስ ቅል ያግዛል፤ ሆኖም አስተማማኝነቱ ያንሳል። ለሕፃናት የአጥንት ቅርፅ አይበቃም፤ አሁን ግን ከኢናሜል በሚወጣ ፕሮቲን ፆታ መለየት ይቻላል፤ ለጅማ አፈር ይህ ታላቅ ዜና ነው።

ቁመት የልጅነት አመጋገብና ጤና ድምር ነው። የጭን አጥንቱ ሙሉ ከሆነ ገና መሬት ውስጥ ሳለ በሜትር ይለካ፤ ሲነሣ ሊሰበር ይችላል። ለወንድ ርዝመቱ በሴንቲሜትር ሲባዛ በ2.11 ሲደመር 70.35፣ ለሴት ሲባዛ በ2.28 ሲደመር 59.76 የሚሉ የቆዩ ስሌቶች አሉ። 45 ሴንቲሜትር የወንድ ጭን 165 ሴንቲሜትር ያህል ቁመት ይሰጣል፤ ስህተቱ ወደ 4 ሴንቲሜትር ወደላይም ወደታችም ነው። ስሌቶቹ የወጡት ከአፍሪካ አሜሪካውያን አፅም ነው፤ የእኛ ሰው የእግርና የቁመት ምጣኔ ሊለይ ስለሚችል የተሻለው አሠራር የጭኑን ርዝመት ራሱን መመዝገብና ከሌሎች የአካባቢው አፅሞች ጋር ማነጻጸር ነው።

ምን ይበሉ እንደነበር ለሚለው ጥያቄዎ አካባቢው በጣም የታደለ ነው። ዕፅዋት ካርቦንን የሚይዙበት መንገድ ሁለት ዋና ዓይነት አለው። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳና በቆሎ በአንድ ወገን ይቆማሉ፤ እንሰት፣ ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ በሌላው። የከባዱ ካርቦን መጠን በሁለቱ ወገን ይለያያል፤ ልዩነቱም ወደ በላተኛው አካል ይገባል። በኮላጅን ሲለካ፣ ላቦራቶሪዎች ከተስማሙበት መነሻ ናሙና አንጻር፣ ከሁለተኛው ወገን ብቻ የኖረ ሰው ከዜሮ በታች 20 ወይም 21 በሺህ አካባቢ፣ ከመጀመሪያው ብቻ የኖረ ከዜሮ በታች 7 አካባቢ ይወጣል። ስለዚህ የቆጮና የጎደሬ ቤት ከእንጀራና ከማሽላ ቂጣ ቤት ይለያል። በቆሎ ከማሽላ ግን በዚህ አይለይም፤ በቆሎ ከአሜሪካ የመጣው ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ ስለሆነ ዘመኑን በካርቦን 14 ማወቅ ይቀድማል። ከባዱ ናይትሮጅን ደግሞ የሥጋና የወተትን ድርሻ ያሳያል፤ በምግብ ሰንሰለት አንድ ደረጃ ሲወጣ ከ3 እስከ 5 በሺህ ይጨምራል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ከእናቱ በላይ ሆኖ ይታያል፤ ጡት ሲጥል ይወርዳል።

ለኮላጅን ምርመራ ግማሽ ግራም ወይም አንድ ግራም ያህል አጥንት ይበቃል፤ ግን ኮላጅኑ መትረፉ መረጋገጥ አለበት። የካርቦንና የናይትሮጅን ምጣኔው ከ2.9 እስከ 3.6 ካልሆነ ውጤቱ መጣል አለበት። በጅማ ይህ ብዙ ጊዜ ላይሳካ ይችላልና ካርቦኑን ከኢናሜል መለካት አማራጭ ነው። ኮላና ቫርኒሽ የከለከልሁትም ለዚህ ነው፤ የራሳቸውን ካርቦን ይዘው ይገባሉ። ለዘረመል ከሁሉ የሚሻለው ከጆሮ በስተጀርባ፣ በራስ ቅሉ ሥር ያለው ድንጋይ መሰል አጥንት ነው፤ ስብርባሪው ውስጥ ካለ እንዳይጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነው፣ በጋሞ ደጋ በሞታ ዋሻ የተገኘውና 4,500 ዓመት ያህል ያስቆጠረው ሰው ዘረመል የተነበበው ከዚሁ አጥንት ነው፤ ከአፍሪካ የተገኘ፣ ሙሉ ሆኖ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ዘረመልም ነበር። ያን ያተረፈው ዋሻው ደረቅና ቀዝቃዛ መሆኑ ነው፤ ከሜዳ መቃብር ያንን መጠበቅ አይገባም።

ቡና በአጥንት ላይ ምልክት አይተውም። በጥርስ ላይ በተጋገረው ታርታር ውስጥ የእህልና የሥራሥር ስታርች ቅንጣት፣ የአፍ ባክቴሪያ ዘረመልም ይያዛል። ጥርሱ አይቦረሽ ያልኩት ለዚህ ነው። መጠጥ ግን አንዳንዴ ባልታሰበ መንገድ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. ከ350 እስከ 550 ገደማ በሱዳን ኑቢያ የኖሩ ሰዎች አጥንት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ አበራ፤ ቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ነበር። ከአፈር ተሕዋስያን የተበከለ እህል ለጠላ መሰል መጠጥ ሲጠመቅ የተፈጠረ እንደሆነ ይታመናል።

ስብራት ስለ ኑሮ ብዙ ይናገራል። በሕይወት ወይም በሞት ሰዓት የተሰበረ አጥንት ጠርዙ ለስላሳና ሰያፍ፣ ቀለሙም ከሌላው አጥንት ጋር አንድ ነው፤ በዶማ የተሰበረው ሸካራ፣ ውስጡም ነጣ ያለ ነው። ተጣሞ የገጠመ ጭን ሰውየው ለወራት መሥራት ሳይችል ሌሎች አብልተው እንዳኖሩት ያስረዳል። በሱዳን በጀበል ሳሃባ፣ ከ13,000 ዓመት በፊት ከተቀበሩ 61 ሰዎች በብዙዎቹ ላይ የዳኑና ያልዳኑ የጦር ቁስሎች አብረው ስለተገኙ ተመራማሪዎች ነገሩ የአንድ ቀን ጦርነት ሳይሆን ተደጋጋሚ ጥቃት ነበር አሉ። የመገጣጠሚያ መበላትን ይዞ «ይህች ሴት ወፍጮ ትፈጭ ነበር» ማለትን ግን አልደግፍም፤ ከሥራው ይልቅ ዕድሜ ያመጣዋልና።

ሽማግሌዎቹና የሃይማኖት አባቶች አፅሙ ሳይቆይ ተመልሶ ይቀበር ካሉ ውሳኔያቸው ይከበር፤ መጀመሪያ ግን ፖሊስና የቅርስ ባለሙያው አይተው ይፍቀዱ። ከእነሱ ጋር አስቀድመው ተመካክረው እነዚህን ብቻ ይጠይቁ፦ የአቀማመጡ ፎቶና ንድፍ፣ የጭኑ ርዝመት፣ የእያንዳንዱ ጥርስ ፎቶ በጎን ብርሃን፣ ከሁለቱ ቦታዎች የተወሰደው አፈር፣ ከፈቀዱም አንድ መንጋጋ ጥርስና ያ የጆሮ አጥንት። ናሙናው በአሉሚኒየም ፎይል ተጠቅልሎ በወረቀት ከረጢት ይግባ፤ ላስቲክ እርጥበት ይይዛል። ቀኑ፣ ቦታው፣ ጥልቀቱና የአካል ክፍሉ በእርሳስ በካርድ ይጻፍ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በጅማ እርጥበት ይፈሳል።